ሄድ መለስ የሚለው ምጥ

 ፊደል ቆጥራችሁ ይህን ጽሑፍ በእጃችሁ የያዛችሁ፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። አንዱን አንቀጽ ስትጨርሱ ዐረፍ በሉ። ያነበባችሁትን ከጎናችሁ ላለው ሰው ንገሩ። ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ።

የዛሬው ንግግራችን ስለ ምጥ ነው። በተለይም ስለ ምጥ መጀመሪያ ነው፤ መጣ ሲሉት ስለሚሄድ፣ ሄደ ሲሉት ስለሚመለስ ምጥ። ወንዶች «ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው» ብላችሁ ከሬዲዮው አትራቁ። በሌሊት ቃሬዛ የምትሸከሙት እናንተ ናችሁ። ቃሬዛው መቼ መነሣት እንዳለበት ማወቅ ይገባችኋል።

አንድ ነገር አስቀድመን እንናገር። በዚህ ንግግር የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ታሪኩ በብዙ አገር ያለፈ ስለሆነ አንድ አቆጣጠር መያዙ ይሻላል።

አንድ ሌሊት በአንድ ቤት

እስቲ በሐሳባችን ወደ አንድ ቤት እንግባ። የበኩር ልጇን ያረገዘች ሴት አለች። ወሯ ገብቷል። ከእራት በኋላ ወገቧን ያዝ አደረጋት። ሕመሙ ወደ ሆዷ ዞረና ለቀቃት። ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ። አማቷ ሰማች። ጎረቤት ተጠራ። የልምድ አዋላጅም መጣች። ውሃ ተጣደ፤ ቡና ተፈላ። ሴቶቹ «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ከበው ተቀመጡ።

ሌሊቱ ተጋመሰ። ሕመሙ በየሩብ ሰዓቱ እየመጣ ያስጨንቃት ጀመር። ዶሮ ሲጮህ ግን ቀዝቀዝ አለ። ጎሕ ሲቀድ ጭራሽ ጠፋ።

«እትዬ፣ ተወኝ እኮ» አለች ነፍሰ ጡሯ፣ አንገቷን ደፍታ።

«ወይ ጉድ! ታዲያ ምን ብለሽ ነው መንደሩን ሁሉ ያስነሣሽው?» አለቻት አንዷ።

ሴቶቹ ወደየቤታቸው ሄዱ። ልጅቱ አፈረች። በማግስቱ ማታ ሕመሙ ሲመለስ ለማንም አልተናገረችም። ጥርሷን ነክሳ ዝም አለች።

ይህችን ሴት በስም አንጠራትም። ታሪኳ የብዙ ሴቶች ታሪክ ነው። ሁለት ጥያቄ ግን ትታልናለች። አንደኛ፣ የመጀመሪያው ሌሊት ሕመም ውሸት ነበርን? ሁለተኛ፣ በሁለተኛው ሌሊት ዝም ማለቷ ትክክል ነውን? የሁለቱም መልስ «አይደለም» ነው። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ሰዎች ረጅም ዘመን ወስዶባቸዋል። ታሪኩን እንከተል።

በሆድ ውስጥ የሚሆነው

ማህፀን ሕፃኑን የያዘ ከረጢት ነው። ከረጢቱ የተሠራው ከጡንቻ ነው፤ ስለዚህ ይጨማደዳል፣ ይላላል። ከታች በኩል በር አለው። የማህፀን በር ይባላል። በእርግዝና ጊዜ በሩ እንደ ታሰረ የስልቻ አፍ ነው፤ ወፍራም፣ ጠንካራና ዝግ ነው። ሕፃኑ እንዲወጣ በሩ መጀመሪያ መለስለስ አለበት። ቀጥሎም መሳሳት አለበት። ከዚያ እየሰፋ ይከፈታል። ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ወርዱ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል።

ሄድ መለስ በሚለው ምጥ ጊዜ የሚሠራው ሥራ በአብዛኛው ማለስለስና ማሳሳት ነው። ይህ ሥራ ከውጭ አይታይም። በቡሃቃ ያለ ሊጥ ዝም ብሎ የተቀመጠ ይመስላል፤ ግን ውስጥ ለውስጥ እየቦካ ነው። የማህፀን በርም እንዲሁ ነው። ሴትዮዋ ሌሊቱን ሙሉ ታምማ ስታድር በሩ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ተከፍቶ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ሕመሟ ከንቱ ነበር ማለት አይደለም።

ማህፀን ከምጥ ቀን በፊትም ይጨማደዳል። ጆን ብራክስተን ሂክስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1872 ስለዚህ ነገር ጽፏል። ማህፀን በእርግዝና ወራት ጠንከር እያለ እንደሚላላ አስረዳ። ይህ መጨማደድ ብዙ ጊዜ አያምም፤ በሩንም አይከፍትም። እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል። ችግሩ በዚህና በእውነተኛው ምጥ መጀመሪያ መካከል አጥር የለም። አንዱ ቀስ እያለ ወደ ሌላው ይገባል። የትኛው እንደ ነበር ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ «ተወኝ» ያለችውን ሴት ውሸታም ማለት አይገባም።

ሁለቱ አልጋዎች

ከ1,900 ዓመት ገደማ በፊት ሶራኖስ የሚባል ግሪካዊ ሐኪም በሮም ከተማ ይሠራ ነበር። ስለ አዋላጅነት መጽሐፍ ጽፏል። አዋላጅ አስቀድማ ልታዘጋጅ የሚገባትን ሲዘረዝር የወይራ ዘይት፣ ሙቅ ውሃ፣ ሱፍ፣ ትራስ፣ ሽታው የሚያነቃ ነገር፣ የመውለጃ ወንበርና ሁለት አልጋ ይላል። ሁለት አልጋ ለምን አስፈለገ? አንዱ ጠንከር ያለው ምጥ ላይ ላለች ሴት ነው። ሌላው ለስላሳው ከወለደች በኋላ የምታርፍበት ነው። የጥንቱ ሐኪም የመውለጃ ወንበር ብቻ አላዘዘም። በምጥ ጊዜም ጋደም ማለት እንዳለ ያውቅ ነበር።

በእኛም አገር እናቶች ይህን ያውቃሉ። አጥሚት የሚያጠጡ፣ ተልባ የሚበጠብጡ፣ ወገብ የሚደግፉ፣ ሌሊቱን በወሬ የሚያሳልፉ ሴቶች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ግን በየአገሩ ከትዕግሥቱ ጎን ችኮላም ነበር።

የችኮላ መድኃኒት

በአውሮፓና በአሜሪካ በሚዘራ ስንዴ መሰል እህል ላይ የሚወጣ ጥቁር ሻጋታ አለ። ኧርጎት ይባላል። የአውሮፓ አዋላጆች ምጥ ለማፋጠን ይጠቀሙበት ነበር። በ1808 ጆን ስተርንስ የሚባል የኒውዮርክ ሐኪም ስለዚህ ዱቄት ጻፈ። ዱቄቱን መስጠት ከጀመረ ወዲህ ምጥ ከሦስት ሰዓት በላይ እምብዛም እንደማያቆየው ተናገረ። ሐኪሞች ደስ አላቸው። ሌሊቱን ሙሉ ከመቀመጥ ዳኑ።

ዋጋውን የከፈሉት ግን ሕፃናቱ ናቸው። በ1820ዎቹ ዴቪድ ሆሳክ የሚባል ሌላ የኒውዮርክ ሐኪም አስጠነቀቀ። ዱቄቱ ከተስፋፋ ወዲህ ሞተው የሚወለዱ ሕፃናት በዝተዋል አለ። ከወሊድ በኋላ የሚፈስን ደም ለማቆም ካልሆነ በቀር እንዳይሰጥ መከረ።

ለምን ገደለ? ኧርጎት ማህፀንን አጥብቆ ይይዛል፤ አይለቅም። ምጥ ግን ጨምድዶ መልቀቅ አለበት። ማህፀን ሲጨማደድ ወደ ሕፃኑ የሚሄደው ደም ይቀንሳል። ሲላላ ደሙ ይመለሳል። በሁለት ምጥ መካከል ያለው ዕረፍት ለሕፃኑ መተንፈሻ ነው።

ይህ ሻጋታ በእኛም አገር ክፉ ታሪክ አለው። በ1977 እና በ1978 በወሎ፣ በዋድላ ደላንታ፣ ከሲናር ጋር በተቀላቀለ እህል ውስጥ ገብቶ ሰዎችን መርዟል። የደም ሥርን እያጠበበ የሰው እጅና እግር አበላሽቷል። የደም ሥርን የሚያጠብ ነገር ማህፀን ውስጥ ላለ ሕፃን ምን እንደሚሆን አስቡት።

ዛሬ በጤና ተቋም የሚሰጥ ሌላ የምጥ መድኃኒት አለ። ኦክሲቶሲን ይባላል። በባለሙያ እጅ፣ በልክ ሲሰጥ፣ እናትና ሕፃን እየተጠበቁ ሲሰጥ ይጠቅማል። «ምጡ ዘገየ» ብሎ በቤት ውስጥ መርፌ የሚወጋ ሰው ቢመጣ ግን አትፍቀዱ። የስተርንስ ዱቄት ያደረሰውን ጉዳት ይደግመዋል።

ምጥ በወረቀት ላይ

አሁን ወደ 1950ዎቹ እንለፍ። በኒውዮርክ ከተማ ኢማኑኤል ፍሪድማን የሚባል ወጣት ሐኪም አንድ ቀላል ነገር አደረገ። መስመር የተሰመረበት ወረቀት ወሰደ። በታች በኩል ሰዓቱን ጻፈ። በጎን በኩል የማህፀን በር ስንት ሳንቲ ሜትር እንደ ተከፈተ ጻፈ። ሴትዮዋ በተመረመረች ቁጥር ነጥብ አኖረ። ነጥቦቹን በመስመር አያያዛቸው።

በ1955 የ500 በኩር ወላጆችን ምጥ እንዲህ አድርጎ አሳተመ። የመስመሩ መልክ ይገርማል። መጀመሪያ እንደ ሜዳ ተኝቶ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ከዚያ በድንገት እንደ አቀበት ይነሣል። ሜዳው ሄድ መለስ የሚለው ምጥ ነው። ፍሪድማን «የተሸሸገው ጊዜ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጠው። አቀበቱ የጠናው ምጥ ነው።

ሜዳው ስንት ሰዓት ይፈጃል? ፍሪድማን ባያቸው በኩር ወላጆች በአማካይ ስምንት ሰዓት ተኩል ያህል ሆነ። ግን አንዳንዷ ከዚያ እጅግ ያነሰ፣ አንዳንዷም እጅግ የበዛ ጊዜ ወሰደባት። «ረዘመ» የሚባለው ለበኩር ወላጅ ከ20 ሰዓት፣ ከዚያ በፊት ለወለደች ደግሞ ከ14 ሰዓት ሲያልፍ ነው አለ።

ሲረዝምስ ምን ይደረግ? የእርሱ ምክር ዕረፍት ነበር። በሆስፒታል ውስጥ ለደከመች ሴት የሚያስተኛ መድኃኒት ይሰጣል። ተኝታ ስትነሣ ምን ይገኛል? ከመቶ 85ቱ ምጣቸው ጠንቶ ይነሣሉ። 10 ያህሉ ምጡ ትቷቸው ይነሣሉ፤ ገና አልደረሱም ነበር። 5 ያህሉ ብቻ ምጣቸው እንደ ፊተኛው ደካማ ሆኖ ይቀጥላል። እንግዲህ በመጀመሪያው ምጥ ጊዜ የደከመችን ሴት የሚረዳት ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ነው። «ተነሺ! አምጪ!» ማለት አይረዳትም።

ሰዓቱ ከየት ይቆጠር?

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ይህ ነው። ከመጀመሪያው ወገብ ሕመም እንቁጠር ወይስ ምጡ ከጠና በኋላ?

በአየርላንድ፣ በደብሊን ከተማ፣ ኪራን ኦድሪስኮል የሚባል ሐኪም አንድ ጥብቅ ደንብ አወጣ። ምጥ መሆኑ በምርመራ ሳይረጋገጥ ሰዓት አይቆጠርም አለ። ከተረጋገጠ በኋላ ግን በ12 ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ በመድኃኒት ይገፋ ነበር። ለእያንዳንዷ ሴትም አጠገቧ የምትቀመጥ አንዲት ነርስ ይመድብላታል። ምጡን በመድኃኒት መግፋቱ ብዙ አከራክሯል። ብቻዋን አትተዋት የሚለው ግን እስከ ዛሬ ጸንቷል።

በአፍሪካም ትልቅ ሥራ ተሠራ። ያኔ ሳልስበሪ፣ ዛሬ ሐራሬ በምትባለው የዚምባብዌ ከተማ ፊልፖትና ካስል የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች ነበሩ። አዋላጆች ከዋናው ሆስፒታል ርቀው በትናንሽ ክሊኒኮች ይሠራሉ። ማን ወደ ሆስፒታል ይላክ? መቼ ይላክ? ሐኪሞቹ በ1972 የፍሪድማንን ወረቀት ወስደው ሁለት መስመር ጨመሩበት። አንደኛው የማስጠንቀቂያ መስመር ነው። የማህፀን በር በሰዓት 1 ሳንቲ ሜትር እየተከፈተ ካልሄደ ነጥቡ ይህን መስመር ያልፋል። ያን ጊዜ ሴትዮዋ ትላካለች። ሁለተኛው ከአራት ሰዓት በኋላ የተሰመረ የእርምጃ መስመር ነው። ከዚህ በፊት ዋናው ሆስፒታል ደርሳ መታየት አለባት። የአራት ሰዓቱ ልዩነት የመንገዱ ጊዜ ነው። መንገድ ሩቅ መሆኑን ያወቁ ሰዎች የሠሩት ወረቀት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ወረቀት አሻሽሎ በኢንዶኔዥያ፣ በማሌዥያና በታይላንድ በ35,484 ሴቶች ላይ ሞከረው። ውጤቱ በ1994 ታተመ። የተራዘመ ምጥ ቀነሰ። በድንገት የሚደረግ ቀዶ ሕክምናም ቀነሰ።

በዚያ ወረቀት ላይ ለመጀመሪያው ሄድ መለስ ምጥ 8 ሰዓት ተመድቦለት ነበር። ይህ ግን ችግር አመጣ። 8 ሰዓት ሲሞላ ጤነኛይቱን ሴት «ዘግይተሻል» ብሎ ያለ ነገሩ መድኃኒት መስጠት መጣ። ስለዚህ በ2000 ያ ክፍል ከወረቀቱ ወጣ። በ2018 ድርጅቱ አዲስ መመሪያ አወጣ። የጠናው ምጥ የሚጀምረው በሩ 5 ሳንቲ ሜትር ሲከፈት ነው አለ። ከዚያ በኋላ ለበኩር ወላጅ ብዙ ጊዜ ከ12 ሰዓት፣ ለወለደች ከ10 ሰዓት አያልፍም። ከዚያ በፊት ላለው ጊዜ ግን ልክ አልተሠራለትም፤ ከሴት ሴት በጣም ይለያያል፤ ይህም ለሴቶቹ ይነገራቸው አለ። በ2020 ደግሞ ይህን የተከተለ አዲስ የምጥ መከታተያ ወረቀት ወጣ።

አያችሁ? ፍሪድማን ለሜዳው ሰዓት ቆረጠለት። ከ60 ዓመት በላይ ከተለካ በኋላ ሰዓቱ ከሜዳው ተነሣለት። ለአቀበቱ ግን ሰዓቱ እንዳለ ነው።

አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው

በ1980 ከጓቴማላ አገር አንድ ጥናት ታተመ። ጥናቱ በተደረገበት ሆስፒታል ሴቶች ያለ ዘመድ ብቻቸውን ያምጡ ነበር። ሐኪሞቹ ለአንዳንዶቹ አጠገባቸው የምትቀመጥ ሴት መደቡ። ይህች ሴት ሐኪም አይደለችም፤ ዘመድም አይደለችም። ሥራዋ እጅ መያዝ፣ ወገብ ማሸትና ማጽናናት ብቻ ነበር። ብቻቸውን ያማጡት ሆስፒታል ከገቡ እስኪወልዱ በአማካይ 19 ሰዓት ፈጀባቸው። አጽናኝ ያላቸው 9 ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። የተጠኑት ሴቶች ጥቂት ነበሩ። በኋላ በብዙ አገር በብዙ ሴቶች ላይ ሲታይ የሰዓቱ ልዩነት ያን ያህል ሰፊ አልሆነም። ግን አጽናኝ ያላት ሴት ምጧ አጠር እንደሚልና ቀዶ ሕክምና እንደሚቀንስላት ታይቷል።

እንግዲህ የመንደር ሴቶች ከበው መቀመጣቸው ኋላ ቀርነት አይደለም። ጥፋቱ የሚመጣው ሲያጣድፉ፣ ሲያሳፍሩ ወይም ከልክ በላይ ሲያቆዩ ነው።

ትዕግሥት የሚጎዳበት ጊዜ

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን። በአፍሪካ የሚነገር አንድ አባባል አለ። በምታምጥ ሴት ላይ ፀሐይ ሁለት ጊዜ ልትጠልቅ አይገባም ይላል። እኛ ደግሞ ሄድ መለስ የሚለው ምጥ ሁለት ቀንም ሊቆይ ይችላል እያልን ነው። ታዲያ የትኛውን እንስማ?

አባባሉ በብዙ ሞት የተገዛ ነው። ምጡ ጠንቶ ሕፃኑ መንገድ ሲያጣ ጭንቅላቱ የእናቱን ሥጋ ከዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ ይይዛል። ደም ወደዚያ ሥጋ አይደርስም። ሥጋው ይሞታል። ብዙ ጊዜ ሕፃኑም ይሞታል። እናቲቱ ብትተርፍ ቀዳዳ ይቀርና ሽንቷን መቆጣጠር ያቅታታል። ይህ ፊስቱላ ይባላል። በ1959 ወደ አገራችን የመጡት ሐኪሞች ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን እነዚህን ሴቶች አዩ። ከቤተሰብ ተለይተው፣ ሽታቸውን አፍረው የሚኖሩ ሴቶች ነበሩ። ባልና ሚስቱ በ1974 በአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታል አቋቋሙ። እስከ ዛሬ ከ60,000 የሚበልጡ ሴቶች ታክመዋል። ብዙዎቹ ቀን ከሌሊት፣ ሌሊት ከቀን በቤት ያማጡ ናቸው።

የነገሩ ቁልፍ ይህ ነው። በሜዳው ላይ ትዕግሥት ያድናል። በአቀበቱ ላይ ትዕግሥት ይገድላል። ሜዳው የት አልቆ አቀበቱ እንደ ጀመረ ግን በቤት ውስጥ ያለ ሰው በዓይኑ አያይም። የማህፀን በርን የሚያውቅ የሠለጠነ እጅ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ መመርመር ይገባል። መታገሥ የሚያምረው ከምርመራ በኋላ ነው።

ጤና ተቋሙ ሩቅ ከሆነስ? ለዚህም መላ ተገኝቷል። በጉራጌ፣ በአጣጥ ሆስፒታል፣ ከ1976 ጀምሮ የእናቶች ማቆያ አለ። ወሯ የገባ ሴት፣ በተለይም አስጊ ነገር ያለባት፣ ምጥ ሳይጀምራት መጥታ በሆስፒታሉ ግቢ ትቀመጣለች። ሄድ መለስ የሚለውን ምጥ እዚያው ታሳልፋለች። ሲጠና አዋላጇ በጥቂት እርምጃ ላይ ናት። ዛሬ እንዲህ ያሉ ማቆያዎች በብዙ ጤና ጣቢያዎች ተሠርተዋል። በአንዳንዶቹ ገንፎ ይገነፋል፤ ቡናም ይፈላል። የቤቱ ደግ ልማድ ወደ ጤና ጣቢያ ገባ ማለት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ነፍሰ ጡሯ የመጀመሪያው ሕመም ሲመጣ ትናገር። ቀን ከሆነ ሥራዋን ቀለል አድርጋ ትንቀሳቀስ። ሌሊት ከሆነ ትተኛ። በጎኗ መተኛት ይሻላታል። እንቅልፍ ባይወስዳትም ዓይኗን ጨፍና ትረፍ። ትብላ፣ ትጠጣ፤ አጥሚት፣ ሾርባ፣ ሻይ፣ ውሃ ይሰጣት። ቶሎ ቶሎ ትሽና። ሕመሙ ሲመጣ በቀስታ ትተንፍስ። ወገቧን አንድ ሰው ይሽላት፤ ሙቅ ጨርቅም ይደረግላት፤ እንዳያቃጥላት ተጠንቀቁ። ሆዷን ግን ማንም አይሽ፣ አይጫን።

«አምጪ» አትበሏት። በሩ ሳይከፈት ማማጥ ጉልበቷን ይጨርሳል፤ በሩንም ያሳብጣል። ጉልበቷ ለአቀበቱ ያስፈልጋል።

ሕመሙ እየረዘመ፣ እየበረታ፣ እየተቀራረበ ከመጣ ወደ ጤና ተቋም ውሰዷት። መንገዱ ሩቅ ከሆነ ይህን አትጠብቁ፤ በመጀመሪያው ሕመም ተነሡ።

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ደግሞ ምጡ ቢኖርም ባይኖርም ሳትዘገዩ ሂዱ። የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ፤ ደም ከፈሰሰ፤ ሕፃኑ እንደ ወትሮው ካልተንቀሳቀሰ፤ ትኩሳት ካላት፤ ራሷን አጥብቆ ካመማት ወይም ዓይኗ ከፈዘዘ፤ ወሯ ሳይገባ ሕመም ከጀመራት፤ ከዚህ በፊት በቀዶ ሕክምና ወልዳ ከሆነ። በእነዚህ ላይ ምክር አያስፈልግም፤ ቃሬዛ ወይም አምቡላንስ ነው የሚያስፈልገው።

በጤና ተቋም ለምትሠሩም አንድ ቃል አለን። ከሩቅ የመጣችን ሴት መርምራችሁ «ገና ነው» ስትሉ አክብራችሁ ንገሯት። ስንት ሳንቲ ሜትር እንደ ተከፈተ፣ ሕፃኑ ደኅና መሆኑን፣ መቼ ደግማችሁ እንደምታዩአት ንገሯት። የምታርፍበት ቦታ ስጧት። አፍራ የተመለሰች ሴት በሚቀጥለው ሌሊት አትመጣም።

አሁን ወደ መጀመሪያዋ ሴት እንመለስ። ጎሕ ሲቀድ «እትዬ፣ ተወኝ እኮ» ስትል፣ አማቷ እንዲህ ብትላት ምን ነበረበት? «እሰይ፣ ዐረፍ በዪ ልጄ። በሩ እየለሰለሰ ነው። ጠጪና ተኚ። ረፋዱ ላይ ጤና ጣቢያ ሄደን እንታያለን። ማታ ቢመለስ ቀስቅሺኝ፤ አላዝንብሽም።» እንዲህ ብትላት ሴትዮዋ በሁለተኛው ሌሊት ዝም አትልም ነበር።

ውድ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ንግግራችን እዚህ ላይ አበቃ። ደኅና ሁኑ።

ለመወያያ

1. በሁለት ምጥ መካከል ያለው ዕረፍት ለሕፃኑ ምን ይጠቅመዋል?
2. «በሜዳው ላይ ትዕግሥት ያድናል፣ በአቀበቱ ላይ ትዕግሥት ይገድላል» ማለት ምን ማለት ነው?
3. ከእናንተ መንደር ጤና ጣቢያ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? በሌሊትስ? ቃሬዛውን የሚሸከሙትን አሁኑኑ በስም ጻፉ።